በአዲስ ዓመት ዋዜማ የወጣው የብራውዘር ማስተካከያ

ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሰው ለበዓል ገበያ ሲሯሯጥ፣ ጉግል ለክሮም ብራውዘር አስቸኳይ ማስተካከያ አወጣ። በማግስቱ፣ በእንቁጣጣሽ ዕለት፣ ፋየርፎክስን የሚያዘጋጀው ሞዚላ ተከተለ። ክፍተቱን ለጉግል የጠቆሙት የአፕል የደህንነት ባለሙያዎችና በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ ሲሆኑ፣ ከጥቆማው እስከ ማስተካከያው አምስት ቀን ብቻ ነው የፈጀው። ክፍተቱ ለጥቃት እየዋለ መሆኑንም ጉግል ያኔውኑ አምኗል።

በዚያው ሰሞን ሲቲዝን ላብ፣ ኤንኤስኦ የተባለው የእስራኤል ኩባንያ የሚሸጠው ፔጋሰስ የስለላ ሶፍትዌር ዋሽንግተን የሚገኝ የአንድ ሲቪል ድርጅት ሠራተኛ አይፎን ላይ መገኘቱን ይፋ አድርጎ ነበር። ሰውዬው አንዲት ነገር እንኳ መጫን አላስፈለገውም።

ጉድለቱ የነበረው ጉግል በ2003 ዓ.ም. ባስተዋወቀው ዌብፒ የተባለ የምስል ዓይነት አከፋፈት ላይ ነው። ሆን ተብሎ የተበላሸ ምስል ሲከፈት፣ ፕሮግራሙ ከተመደበለት የሜሞሪ ቦታ አልፎ ይጽፋል፤ አጥቂውም የራሱን ትዕዛዝ በዚያ ሊያሾልክ ይችላል። ምስሉ ያለበትን ገጽ መክፈት ይበቃል ማለት ነው።

እኔን ያሳሰበኝ ከዚህ የቀጠለው ነው። የጉግል የመጀመሪያ ማስታወቂያ የሚያወራው ስለ ክሮም ብቻ ነበር። ያው ኮድ ግን ኤጅ፣ ኦፔራ፣ ብሬቭ፣ ፋየርፎክስና የኮምፒውተሩ ሲግናል ውስጥም አለ። ችግሩ የጋራው ኮድ መሆኑ በመዝገብ የተስተካከለው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። እስከዚያው ክሮምን ብቻ ያደሰ የአይቲ ክፍል ሥራዬን ጨረስኩ ብሎ ቢቀመጥ አይፈረድበትም።

ብዙዎቻችን አደጋው ማስተካከያው ሲወጣ የሚያበቃ ይመስለናል። በእኔ እምነት ለተራው ተጠቃሚ የሚብሰው ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ኮዱ ለማንም ክፍት በመሆኑ፣ አሮጌውንና አዲሱን አስተያይቶ ቀዳዳው የት እንደነበር ማወቅ ለባለሙያ ከባድ አይደለም። ጥቂቶች በውድ ዋጋ የያዙት ምስጢር የአደባባይ ይሆናል።

ክሮም ደግሞ ማስተካከያውን ራሱ ቢያወርድም፣ ተዘግቶ ካልተከፈተ ሥራ ላይ አያውለውም። በማውቃቸው መሥሪያ ቤቶች ሠላሳ ገጽ ከፍቶ ኮምፒውተሩን ለሳምንታት የማያጠፋ ሠራተኛ ሞልቷል። ስንፍና ነው አልልም፤ በሚቆራረጥ ኔትወርክ ግማሽ የተሞላ ፎርም መዝጋት ያስፈራል። ጥቅል ገዝቶ የሚጠቀመውም አፕዴት የሚያጠፋው ብር ለመቆጠብ ነው።

ታዲያ “አፕዴት አድርጉ” ብሎ መጮህ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። ሲቲዝን ላብ በኅዳር 2010 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት፣ በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች በኢሜይል ሊንክ ይላክላቸው እንደነበርና ሊንኩ ሐሰተኛ የአዶቤ ፍላሽ አፕዴት ጫኑ ይል እንደነበር አስነብቧል። ከጀርባው የነበረው ሳይበርቢት የተባለ ሌላ የእስራኤል ኩባንያ የሠራው የስለላ ሶፍትዌር ነው። ስለዚህ አንድ ገጽ ወይም ኢሜይል “ብራውዘርዎ አርጅቷል” ሲል አለመንካት ነው። ክሮም ላይ ከላይ በስተቀኝ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጭኖ፣ ሄልፕ ውስጥ “አባውት ጉግል ክሮም” የሚለውን መክፈት ይሻላል፤ አዲስ ነገር ካለ እዚያው ይወርዳል፣ ከዚያ “ሪሎንች” ማለት ነው።

አሮጌ ማሽኖች ግን ይህም አይጠቅማቸውም። ከ2015 ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ የወጡት የክሮም ዝርያዎች ዊንዶውስ 7 እና 8 ላይ አይጫኑም። የዊንዶውስ 10 ነፃ ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። የደመወዝ ሰነድ የሚከፈተው በእነዚሁ ማሽኖች ከሆነ፣ የግዥ ኮሚቴው ስለ ዋጋና ስለ ዋስትና ሲከራከር “ይህ ዕቃ እስከ መቼ ማስተካከያ ያገኛል?” የሚለውንም ጨረታው ላይ ያስገባልን።