ሆስፒታል እንደ ደለበ በሬ ሲሸጥ፦ ከአብራጅ ዕድገትና ውድቀት ምን እንማራለን?

የብዙ ባለሀብቶችን ገንዘብ አሰባስቦ ኩባንያ መግዛት፣ ኩባንያውን ለጥቂት ዓመታት አሳድጎ መሸጥና ትርፉን መከፋፈል በዓለም ላይ ከተስፋፋ አሥርተ ዓመታትን ያስቆጠረ የንግድ ዘርፍ ነው። ዘርፉ «ፕራይቬት ኢኩቲ» በሚለው ስም ይታወቃል። ቀደም ሲል በአብዛኛው በፋብሪካዎችና በመደብሮች ላይ ያተኩር የነበረው ይህ ገንዘብ፣ ከቅርብ ጊዜያት ወዲህ ፊቱን ወደ ሆስፒታሎችና ወደ ትምህርት ቤቶችም አዙሯል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሰው ሌላውን ወጪ ቢቀንስ እንኳ ልጁን ከማስተማርና የታመመ ቤተሰቡን ከማሳከም ወደ ኋላ አይልም።

አሠራሩ ለአርሶ አደሩ እንግዳ አይደለም። አንድ የከተማ ነጋዴ በሬ ገዝቶ ለገበሬ ይሰጣል፤ ገበሬው ያደልባል፤ በሬው ለበዓል ገበያ ወጥቶ ሲሸጥ ሁለቱም ትርፉን ይካፈላሉ። በፕራይቬት ኢኩቲም እንዲሁ ነው። ገንዘብ አዋጮቹ የጡረታ ፈንዶች፣ የልማት ባንኮችና የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ሊሆኑ ይችላሉ። አስተዳዳሪው ድርጅት በተለምዶ በየዓመቱ ከተዋጣው ገንዘብ 2 በመቶ ገደማ ለሥራ ማስኬጃ፣ ከትርፉ ደግሞ 20 በመቶ ገደማ ይወስዳል። ፈንዱ ብዙውን ጊዜ የሚቆየው 10 ዓመት ያህል ነው። ስለዚህ የተገዛው ተቋም ገና ሲገዛ ጀምሮ የሚሸጥበት ጊዜ ይታሰባል። ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። የደለበ በሬ መጨረሻው መሸጥ ነው፤ የሆስፒታልና የትምህርት ቤት ሥራ ግን ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚሻገር ነው።

የአብራጅ ጉዞ

ለዚህ ጉዳይ የዱባዩ አብራጅ ግሩፕ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ በ2002 በፓኪስታን ተወላጁ አሪፍ ናክቪ ተመሠረተ። በ2012 በአፍሪካ፣ በእስያና በላቲን አሜሪካ አነስተኛና መካከለኛ ኩባንያዎች ላይ ይሠራ የነበረውን ኦሬዎስ ካፒታልን ጠቀለለ። ከዚህ ጋር ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ የተዋጣበት የአፍሪካ ጤና ፈንድ አስተዳደርም በእጁ ገባ። በኋላም የሚያስተዳድረው ሀብት 14 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እስከ መድረስ አደገ።

ትልቁ የጤና ዕቅዱ 1 ቢሊዮን ዶላር የተሰበሰበበት ፈንድ ነበር። የቢልና ሜሊንዳ ጌትስ ፋውንዴሽን 100 ሚሊዮን ዶላር ለመስጠት ቃል ገባ፤ የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ኮርፖሬሽንና የእንግሊዝ የልማት ፋይናንስ ተቋምም ተሳተፉ። ዓላማው በደቡብ እስያና በአፍሪካ ትልልቅ ከተሞች መካከለኛና ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች ጥራት ያለው ሕክምና ማቅረብ ነበር። ችግሩ ያለ እንደመሆኑ ዓላማው የሚነቀፍ አይደለም። በብዙ አገሮች የመንግሥት በጀት ብቻውን የሆስፒታልን ፍላጎት አይሸፍንም፤ አቅም ያለውም ለሕክምና ወደ ሕንድና ወደ ታይላንድ ይሄዳል።

ነገሩ የተገለጠው በአንድ ቀላል ጥያቄ ነው። በ2017 የጌትስ ፋውንዴሽን ለሆስፒታሎች ተብሎ የተወሰደው ገንዘብ ለምን ሥራ ላይ እንዳልዋለና የት እንዳለ ጠየቀ። መልሱ አላረካም፤ ባለሀብቶቹ ሒሳብ መርማሪ ቀጠሩ። በ2018 የካቲት ወር ጉዳዩ በአሜሪካ ጋዜጦች ወጣ፤ በሰኔ ወር ደግሞ አብራጅ በፍርድ ቤት አማካይነት ወደ መፍረስ ሒደት ገባ።

የዱባይ የፋይናንስ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን በ2019 የአብራጅን ሁለት ኩባንያዎች በድምሩ 315 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ቀጣ። ባለሥልጣኑ እንዳረጋገጠው የፈንዶች ገንዘብ ለድርጅቱ የራሱ ወጪ ውሏል፤ ሒሳብ በሚቀርብበት ሰሞን ደግሞ የባንክ ሒሳቡ ሙሉ መስሎ እንዲታይ ለአጭር ጊዜ ገንዘብ ተበድሯል። ይህም እንግዳ ሊመጣ ነው ብሎ የጎረቤት ከብት ተውሶ በረቱን እንደሚሞላ ሰው ነው። በአሜሪካ በተከፈተው የወንጀል ክስ ከድርጅቱ ከፍተኛ ኃላፊዎች አንዱ ጥፋተኝነቱን አምኗል። ናክቪ ግን የቀረበበትን ክስ አልተቀበለም።

ሆስፒታሎቹስ?

ድርጅቱ ቢወድቅም ሆስፒታሎቹ አልተዘጉም። የጤና ፈንዱን በ2019 ቲፒጂ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ተረከበው፤ ስሙም ኤቨርኬር ተባለ። በሌጎስ 165 አልጋ ያለው ሆስፒታል በ2021 ሥራ ጀመረ። ይህ በጎ ውጤት ነው፤ ሊካድም አይገባም።

ሌላም ገጽታ አለ። በሕንድ ሃይደራባድ በልብ ሐኪሞች የተመሠረተው ኬር ሆስፒታሎች በ2012 በአድቬንት፣ በ2016 በአብራጅ፣ በ2019 በቲፒጂ፣ በ2023 ደግሞ በብላክስቶን እጅ ገብቷል። በ11 ዓመት ውስጥ አራት ባለቤት ማለት ነው። እያንዳንዱ ገዥ ከገዛበት በላይ መሸጥ ይፈልጋል። ያ ጭማሪ ከተሻለ አስተዳደርና ከተስፋፋ አገልግሎት ሊመጣ ይችላል፤ ከታካሚው ኪስም ሊመጣ ይችላል።

የናይሮቢ የሴቶች ሆስፒታል ጉዳይ ይህን ስጋት አሳይቷል። ሆስፒታሉ የጾታ ጥቃት ለደረሰባቸው ሰዎች በሚሰጠው ነጻ ሕክምና የተመሰገነ ነው። በ2020 መጀመሪያ ግን በኃላፊዎችና በሠራተኞች መካከል የተለዋወጡ ናቸው የተባሉ መልእክቶች አፈትልከው ወጡ። መልእክቶቹ በየቀኑ አስተኝቶ ለማከም የሚገቡ ሕሙማን ቁጥር እንዲጨምር ግፊት ይደረግ እንደነበር የሚያመለክቱ ነበሩ። ሆስፒታሉ ጥፋት አልሠራሁም ቢልም ዋና ሥራ አስፈጻሚው ምርመራው እስኪጠናቀቅ ከኃላፊነታቸው ገለል አሉ።

በትምህርትም ተመሳሳይ ክርክር አለ። በ2009 በኬንያ የጀመረው ብሪጅ የተባለው ለትርፍ የሚሠራ የትምህርት ቤቶች ድርጅት፣ በአነስተኛ ክፍያ የድሃ ልጆችን አስተምራለሁ ብሎ ከታላላቅ ባለሀብቶች ገንዘብ አግኝቶ ነበር። በ2016 የኡጋንዳ ፍርድ ቤት ትምህርት ቤቶቹ እንዲዘጉ መንግሥት ያስተላለፈውን ውሳኔ አጸና። ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ኮርፖሬሽንም በ2022 ድርሻውን አውጥቶ ወጣ።

ለእኛ ምን ማለት ነው?

በአገራችን የካፒታል ገበያ አዋጅ በ2013 ዓ.ም ወጥቷል፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያም በ2017 ዓ.ም ሥራ ጀምሯል። ገንዘብ ሰብስቦ ኩባንያ የመግዛትና የመሸጥ መንገድ እየተከፈተ ነው። የግል ኮሌጆችና ሆስፒታሎችም በክልል ከተሞች ተበራክተዋል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል የሆነው አርሶ አደር በዋናነት የሚታከመው በመንግሥት ተቋም ነው፤ ሆኖም መድኃኒት ወይም ምርመራ ሲጠፋ ወደ ግል ተቋም ይላካል። ስለዚህ የግል ሆስፒታሉ የማን ነው የሚለው ጥያቄ የከተማው ነዋሪ ብቻ አይደለም።

ከአብራጅ ታሪክ የሚወሰደው ዋናው ትምህርት ገንዘቡ ክፉ ነው የሚል አይደለም። ባለሀብቶቹ ገንዘባቸው የት እንደደረሰ ማወቅ የቻሉት መዝገብ የማየት መብት በውላቸው ስለነበራቸው ነው። በሆስፒታሎቹ ለመታከም የሚከፍለው ሕዝብ ግን እንዲህ ያለ መብት አልነበረውም። በዕድራችን ገንዘብ ያዡ በአባላት ፊት ሒሳብ ያቀርባል፤ ያዋጣ ሁሉ ይጠይቃል። ለሆስፒታልና ለትምህርት ቤት የሚከፍል ሕዝብ ከዕድርተኛ ያነሰ መብት ሊኖረው አይገባም።

በመሆኑም ባለሀብት መሬት ሲጠይቅና ፈቃድ ሲያወጣ የከተማና የወረዳ ምክር ቤቶች አስቀድመው ሊያነሷቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። የተቋሙ የመጨረሻ ባለቤት ማን ነው? ለስንት ዓመት ሊቆይ አስቧል? ድርሻውን ሲሸጥ የድንገተኛና የወሊድ አገልግሎት እንደማይቋረጥ፣ ተማሪዎችም የጀመሩትን ትምህርት እንደሚጨርሱ በጽሑፍ ይገባልን? ተቋሙ የተገዛበት ብድር በራሱ በተቋሙ ላይ ይጫናልን? የክፍያ ዝርዝሩ በግልጽ ይለጠፋልን? ቅሬታ ያለውስ ለማን ያቀርባል?

እነዚህን ጥያቄዎች ማንሳት ባለሀብትን ማራቅ አይደለም። ለረጅም ጊዜ ሊሠራ የመጣ ለመመለስ አይቸገርም። ውል ሲፈረም ያልተጠየቀውን ግን ተቋሙ ከተሸጠ በኋላ መጠየቅ አስቸጋሪ ነው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ለዚህ ነው።