መንግሥትም ማንነቱን ያረጋግጥልን

መጋቢት 2014 ላይ ሰው በእሳት ሲቃጠል የሚያሳይ ቪዲዮ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ ሰነበተ። ቀንም ቦታም አልተጻፈበትም። የመንግሥት ኮሙኒኬሽን አገልግሎት መጋቢት 3 ቀን ባወጣው መግለጫ ድርጊቱ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ መተከል ዞን፣ ጉባ ወረዳ፣ አይሲድ ቀበሌ መፈጸሙን አረጋገጠ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም አጣርቶ፣ ቀኑ የካቲት 24 እንደነበረና የመንግሥት የጸጥታ ኃይል አባላትም እንደተሳተፉበት ገለጸ።

ከድርጊቱ እስከ መግለጫው ዘጠኝ ቀን አለፈ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። መተከልን በመሰለ፣ ብዙ ደም በፈሰሰበት ምድር ግን እያደር የሚጠራ እውነት ከበቀል በኋላ ሊደርስ ይችላል። አሶሳና መተከልን አባይ ይለያቸዋል፤ የአሶሳ ሰው ማዶ የሆነውን የሚሰማው በአብዛኛው በስልክ ነው። የሚሰማውም በአማርኛ ብቻ አይደለም፤ በበርታኛ፣ በጉሙዝኛና በሺናሽኛም ነው። ወሬ በእነዚህ ቋንቋዎች ሁሉ ወዲያውኑ ይዛመታል። ማስተባበያው ግን በአማርኛ ብቻ ከወጣ ለብዙው ሰው እንዳልወጣ ይቆጠራል።

እዚያው ጉባ ውስጥ ሌላም ታሪክ አለን። ሐምሌ 8 ቀን 2012 ስለ ሕዳሴ ግድቡ የሳተላይት ምስሎች ዓለም ሲነጋገር፣ የኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን የውኃ ሙሌት መጀመሩን ዘገበ፤ ብዙም ሳይቆይ ዘገባው ስህተት ነው ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። በወቅቱ የውኃ፣ መስኖና ኢነርጂ ሚኒስትር የነበሩት ዶክተር ኢንጂነር ስለሺ በቀለ ግንባታውና ሙሌቱ ጎን ለጎን የሚሄዱ መሆናቸውን አስረድተው ነበር። ሐምሌ 14 ቀን ደግሞ የመጀመሪያው ዙር ሙሌት መጠናቀቁ ተነገረን። በዚያ ሳምንት የአውሮፓ ሳተላይት ምስሎች የተነሡበት ቀን ታውቆ፣ ለማንም ክፍት ሆነው ይታዩ ነበር። ስለ ገዛ ግድባችን ከራሳችን ጣቢያ ይልቅ ከሰማይ የተነሣ ፎቶ የተሻለ ማስረጃ መሆኑ ያሳዝነኛል። ሳተላይቱን ያስከበረው የመጣበት መታወቁ ነው።

ዛሬ ከመሥሪያ ቤት የሚወጣ ደብዳቤ ፎቶ ተነሥቶ በቴሌግራም ይለቀቃል። ክብ ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ ቁጥርና ቀን አለው። ማኅተምና ፊርማ ግን ከአሮጌ ደብዳቤ ላይ ተቆርጦ አዲስ ላይ የሚለጠፍበት ዘመን ነው። የሰዓት እላፊ ታወጀ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ቅጥር ወጣ የሚል እንዲህ ያለ ወረቀት ሲደርሰው አንባቢው በምን ይለየው?

ሕጉ ሐሰተኛውን ያሰራጨውን አንባቢ ይቀጣል። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨን እስከ አንድ ዓመት እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር መቀጮ ያስፈርድበታል፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ላለው ቅጣቱ ይብሳል። ሰውን አታሰራጭ ብሎ የሚቀጣ መንግሥት፣ የራሱን ወረቀት ከሐሰተኛው መለያ የመስጠት ግዴታ አለበት። መሣሪያው ደግሞ አለው። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ከወጣ ዓመታት አልፈዋል፤ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርም የሥርዓቱ ዋና ማረጋገጫ ሰጪ ተደርጓል። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ የአሜሪካ መንግሥት ማተሚያ ቤት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2008 የፌዴራል በጀቱን ሰነድ ዲጂታል ፊርማ አኑሮበት አውጥቷል። አንድ ፊደል ቢነካ ይታወቃል።

እኛ በፋይዳ መታወቂያችን ላይ ባለው ኪውአር ኮድ ማንነታችንን እናረጋግጣለን። መንግሥት ዜጋውን በዚህ መንገድ ካወቀ፣ ዜጋውም የመንግሥትን ደብዳቤ፣ ፎቶና ቪዲዮ በዚሁ መንገድ ቢያውቅ ፍትሕ ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ ኮድ ብቻውን አይሠራም። ስለዚህ የወረዳና የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሰው ሲጠይቀው እውነተኛውን ከመዝገብ አውጥቶ ማሳየት መቻል አለበት።

የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ኮሙኒኬሽን ቢሮ ከዚህ ይጀምር፦ እያንዳንዱ ምስል የት፣ መቼና በማን እንደተነሣ ይጻፍበት፤ እያንዳንዱ ደብዳቤ ኮድ ይኑረው፤ የተሳሳተ ዜና አይሰረዝ፤ እርማቱ ከሥሩ በክልሉ ቋንቋዎች ይውጣ። አንባቢዬ፣ አንተም እስከዚያው ምንጩን ያላወቅኸውን ደብዳቤ ለሌላ አታስተላልፍ።