መጤውን አስቀድመው ለሚጠረጥሩት አንባቢዬ

ዛሬ የማጫውትዎ እርስዎ ደብቀው ስለሚያነቡት፣ ሰው ሲጠይቅዎ ግን «ጊዜ ማሳለፊያ ነው» ስለሚሉት የመጽሐፍ ዓይነት ነው። ትንሽ ከተማ፣ የሙዚቃ በዓል፣ አንድ ሬሳ፣ ሁሉን የሚታዘቡ አንዲት አሮጊት። ፈገግ አሉ መሰለኝ። «ደም የሌለበት ግድያ ደግሞ ምን ግድያ ነው?» ሊሉኝ ነው።

ደሙ እኮ ሆን ተብሎ ነው የቀረው። የአጋታ ክሪስቲ ገጸ ባሕርይ ሚስ ማርፕል ወንጀል የፈቱበት የመጀመሪያው ረጅም ልብ ወለድ በፈረንጆቹ 1930 ታተመ። ሬሳው የተገኘው በመንደሩ ቄስ የጽሕፈት ክፍል ውስጥ ነው። ደራሲዋ ግን ስለ ቁስሉ ብዙም አትጨነቅም፤ ከጎረቤት ጓሮ አበባ እየኮተኮቱ ማን ገባ፣ ማን ወጣ የሚሉትን አሮጊት ታሳየናለች። በሰፈርዎ ረከቦት ፊት ተቀምጠው፣ ሁለተኛው ሳይቀዳ ማን ከማን እንደተኳረፈ የሚነግሩዎ እናት የሉም? ሚስ ማርፕል ማለት እሳቸው ናቸው። ደሙ ቢበዛ ኖሮ እሳቸውን ማን ያዳምጣቸው ነበር?

«ይሁን፤ ግን በአንዲት ትንሽ ከተማ ይህን ያህል ሰው ከተገደለ ማን ሊተርፍ ነው?» ይበሉኝ። እዚህ ላይ አልከራከርዎትም። አንጄላ ላንስበሪ የተወነችበት «መርደር ሺ ሮት» የተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ከ1984 እስከ 1996 በ264 ክፍሎች ታይቷል። ካቦት ኮቭ የምትባለው የድራማው ከተማ ስንቱን ቀበረች! ነዋሪዎቿ ግን ቤታቸውን ሸጠው ሲሰደዱ አላየንም። እርስዎም ቢሆኑ ሳይሰለቹ ይመለከቱ ነበር፤ የቀሩት ሰዎች ከቀብር መልስ እንዴት እንደሚተያዩ ለማየት ጓጉተው።

«ታዲያ ሙዚቃው ለምን አስፈለገ?» ጥሩ ጠየቁ። ድግስ ሲኖር ከተማው ሁሉ በአንድ አዳራሽ፣ በታወቀ ሰዓት ይሰበሰባል፤ ማን ቀድሞ መድረክ ላይ ይውጣ የሚለው ጥልም አብሮ ይመጣል። የኒውዚላንዷ ናዮ ማርሽ በ1939 ያሳተመችውን «ኦቨርቸር ቱ ዴዝ» ይመልከቱ። በእንግሊዝ ገጠር፣ በሰበካው አዳራሽ ቴአትር ሊታይ ነው። ሁለት ሴቶች የመክፈቻውን ሙዚቃ እኔ ልጫወት፣ እኔ ልጫወት ተባብለዋል። ተራው የደረሳት ሴት ጣቷን ስለታመመች በመጨረሻው ሰዓት ሌላይቱ ፒያኖው ፊት ትቀመጣለች። ራክማኒኖፍ የጻፈውን ታዋቂ ፕረሉድ ትጀምራለች፤ እነዚያን ከባድ ድምፆች ትመታለች፤ ከዚያ ድምፁን የሚያለዝበውን የግራ ፔዳል በእግሯ ስትጫን ፒያኖው ውስጥ የተደበቀው ሽጉጥ ይተኩሳል። አስቀድሞ አንድ የመንደሩ ባለጌ ልጅ ውሃ እንዲረጭ ብሎ የመጫወቻ ሽጉጥ በክር አስሮ ነበር፤ ገዳዩ የልጁን ሥራ እንዳለ ተጠቅሞ ሽጉጡን ብቻ ለወጠው። እንግዲህ ሊሞት የታሰበው ማን ነበር? ሟቿ ወይስ ጣቷን የታመመችው?

«ነገሩ ግልጽ ነው፤ ገዳዩ ለበዓሉ ከመጡት እንግዶች አንዱ ይሆናል» አሉ አይደል? ይኸው ተያዙ! ደራሲዎቹ የሚጠብቁት ይህንኑ ነው። ብድር የበዛበት ቫዮሊን ተጫዋች፣ ጥቁር መነጽር የማታወልቅ ዘፋኝ በአውቶቡስ ጭነው የሚያመጡልን እርስዎና እኔ በእነሱ ላይ እንድናፈጥ ነው። ሮናልድ ኖክስ የተባሉ የእንግሊዝ ካህንና ደራሲ በ1929 የወንጀል ምርመራ ድርሰትን ሕግ ሲያወጡ፣ ወንጀለኛው ገና ከታሪኩ መጀመሪያ የተጠቀሰ ሰው ይሁን ብለዋል። ዘግይቶ የመጣ እንግዳ አይገባበትም። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል እንዲሉ፣ በየቀኑ ሰላም የምንለውን ሰው ልብ ብለን አናየውም። እነዚህ መጻሕፍት የሚያስተካክሉት ይህን አመላችንን ነው።

«ሬሳ ከሌለስ?» ቢሉኝ የሙዚቃ ደራሲውን የቤንጃሚን ብሪትንን «አልበርት ሄሪንግ» እጠራለሁ። በ1947 ለመጀመሪያ ጊዜ የታየ አስቂኝ ኦፔራ ነው። በእንግሊዝ፣ በሳፎክ ባለች ትንሽ ከተማ ለግንቦት በዓል ጨዋ ልጃገረድ ትፈለጋለች፤ የከተማው ወሬ ሁሉንም ልጃገረዶች ጣላቸውና አልበርት የሚባል፣ እናቱን የሚፈራ የአትክልት ሻጭ ልጅ ዘውድ ተጫነለት። የሥጋ ቤቱ ሠራተኛ ሲድ በሎሚ መጠጡ ላይ ሩም ሲጨምርበት፣ ኦርኬስትራው ከዋግነር ኦፔራ ሰውን በፍቅር የሚጥለውን መጠጥ የሚያጅበውን ዜማ ጣል ያደርጋል። ፍንጩን የሚያገኘው ጆሮ ያለው ነው። ሌሊቱን ልጁ ጠፋ፤ በማግስቱ አክሊሉ በጋሪ ተጨፍልቆ መንገድ ላይ ተገኘ። ከተማው ሞቷል ብሎ ሙሾ ሲያወርድ አልበርት ጭቃ በጭቃ ሆኖ ከተፍ! ያለቀሱለት ሰዎች በመደሰት ፈንታ በሕይወት በመገኘቱ ተቆጡት። ይህ ኦፔራ በ1948 በመጀመሪያው የኦልድበራ ፌስቲቫል፣ እዚያው ሳፎክ ውስጥ ታይቷል። የትንሽ ከተማ ሰዎች በራሳቸው በዓል ተቀምጠው የትንሽ ከተማን ገመና አዩ ማለት ነው። በታሪኩ ውስጥ የሚወቀስ መጤ አንድም የለም።

አሁን አንድ ነገር ላስቸግርዎ። በሚቀጥለው መጽሐፍዎ ሠላሳ ገጽ ያህል ካነበቡ በኋላ የጠረጠሩትን ሰው ስም በእርሳስ ከጀርባው ሽፋን ላይ ይጻፉ፤ ሲጨርሱ ይመልከቱት። የጻፉት የእንግዳ ስም ከሆነ በደራሲው አይዘኑ። የተጻፈው በእርስዎ እጅ ነው።

አክባሪዎ