ቁመናው የመስክ፣ ልኩ የከተማ፦ አነስተኛ የቅንጦት ኤስ ዩ ቪ በየካና በእንጦጦ ዳገት

በአዲስ አበባ የካ ክፍለ ከተማ፣ ከመገናኛ እስከ ሾላ ገበያና ፈረንሳይ ለጋሲዮን ባሉት መንገዶች የተሽከርካሪዎች ገጽታ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ተለውጧል። ቀደም ሲል ጎልተው ይታዩ የነበሩት በአንድ ወገን ቪትዝን የመሳሰሉ ትናንሽ አውቶሞቢሎች፣ በሌላ ወገን ደግሞ ላንድ ክሩዘሮች ነበሩ። አሁን በሁለቱ መካከል ከአውቶሞቢል ከፍ፣ ከላንድ ክሩዘር አጠር ያለ መካከለኛ ቁመና ያለው ኤስ ዩ ቪ ገብቷል። ብዙዎቹም በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ናቸው።

ለውጡን ያፋጠነው ፖሊሲ ነው። የገንዘብ ሚኒስቴር በ2014 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስ ታክስና ከሱር ታክስ ነፃ አደረገ። የጉምሩክ ቀረጡም ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠመው 5 በመቶ ሲሆን፣ ተበታትኖ መጥቶ በሀገር ውስጥ የሚገጣጠመው ከቀረጥ ነፃ ሆነ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተገለጸ።

ለመሆኑ የዚህ ተሽከርካሪ መጠንና ደረጃ የሚለካው በምንድን ነው? በዓለም ገበያ ትንንሾቹ የቅንጦት ኤስ ዩ ቪዎች፣ ለምሳሌ ቢ ኤም ደብሊው ኤክስ 1 እና አውዲ ኪው 3፣ ርዝመታቸው 4.5 ሜትር ገደማ ነው። አንድ ደረጃ ከፍ የሚለው መርሰዲስ ጂ ኤል ሲ ከ4.7 ሜትር ያልፋል። በአዲስ አበባ የተለመደው ቶዮታ ቢ ዜድ 4 ኤክስ 4.69 ሜትር፣ ፎልክስዋገን አይ ዲ 4 ደግሞ 4.6 ሜትር ያህል ናቸው። ቪትዝ 4 ሜትር አይሞላም፤ ላንድ ክሩዘር 5 ሜትር ይጠጋል። ስለዚህ ቶዮታው በስፋትና በርዝመት የመርሰዲሱ እኩያ ሲሆን፣ በስምና በዋጋ ግን ከበታቹ ይመደባል። መጠን በሜትር ይለካል፤ «ቅንጦት» የሚለው ደረጃ ግን በአብዛኛው የስም፣ የውስጥ ዕቃና የዋጋ ጉዳይ ነው።

የኢትዮጵያ ሕግ ደረጃን ሲለካ የኖረው በሞተር ጉልበት ነበር። የ2012 ዓ.ም. የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 አዲስ አውቶሞቢል እስከ 1,300 ሲሲ ከሆነ 5 በመቶ፣ እስከ 1,800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ 100 በመቶ እንዲከፍል ደነገገ። ትንሹን የሚያቀል፣ ትልቁን የሚያከብድ ሚዛን መሆኑ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ሲሲ የለውም። በ2014ቱ ውሳኔም አነስተኛዋ የኤሌክትሪክ መኪናና ውዱ የቅንጦት ኤስ ዩ ቪ በአንድ መስመር ተሰለፉ። ነዳጅን ለመቆጠብ የታሰበው ማበረታቻ በመቶኛ ሲታይ እኩል ነበር፤ በብር ሲሰላ ግን ውድ መኪና የገዛው የበለጠ ተጠቅሟል።

የእንጦጦ ዳገት የተሽከርካሪዎቹን ጥቅምና ጉድለት አብሮ ያሳያል። አየር እየሳሳ ሲሄድ ቱርቦ የሌለው የነዳጅ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል፤ 3,000 ሜትር በሚያልፈው የእንጦጦ አናት ላይ ወደ ሲሶ የሚጠጋ አቅሙ ይቀንሳል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማያስፈልገው ጉልበቱ አይጎድልም፤ ቁልቁለት ሲወርድም ከኃይሉ የተወሰነውን ወደ ባትሪው ይመልሳል። ይሁን እንጂ ክብደት ዋጋ ያስከፍላል። 20 ኩንታል የሚመዝን ኤስ ዩ ቪ 600 ሜትር ወደ ላይ ለመውጣት፣ ሌላው ብክነት ሳይቆጠር፣ 3.3 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈልጋል። 10 ኩንታል ለምትመዝን ትንሽ መኪና ግማሹ ይበቃታል።

ለወረዳ ከተማ ነጋዴና ለአርሶ አደር ቤተሰብ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ» እንዲሉ፣ ኤስ ዩ ቪ የሚለው ስም ብቻውን የመስክ መኪና አያደርግም። ከእነዚህ ተሽከርካሪዎች ብዙዎቹ የሚነዱት በሁለት ጎማ ኃይል ነው፤ ባትሪያቸውም ከወለላቸው በታች ስለተዘረጋ ድንጋያማ የገጠር መንገድ ያሰጋቸዋል። ገዢ ከውጫዊ ቁመናው ይልቅ ከመሬት ያለውን ከፍታ፣ ኃይል የሚያገኙትን ጎማዎች ብዛትና በአቅራቢያው ባትሪ መሙያ መኖሩን ቢጠይቅ ይበጀዋል።

5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ በጳጉሜ 2017 ዓ.ም. መመረቁ በሀገር ውስጥ ኃይል የመጓዝን ዕድል አስፍቷል። ቀሪው ጥያቄ ዕድሉ በማን እጅ ይገባል የሚለው ነው። ሲሲ ሚዛንነቱን ካጣ ክብደት፣ የባትሪ መጠን ወይም ዋጋ ሊተካው ይችላል። ያን ጊዜ ማበረታቻው ከቅንጦት መኪናው ይልቅ ወደ አነስተኛዋ መኪና፣ ወደ ሕዝብ ማመላለሻውና ምርት ወደ ገበያ ወደሚያደርሰው የጭነት ተሽከርካሪ ሊያዘነብል ይችላል።