ከመስተዋቱ ስፋት በፊት የማጣሪያው ምርጫ

ስለ ቴሌስኮፕ ሲነገር አስቀድሞ የሚጠቀሰው የመስተዋቱ ስፋት ነው። በብርሃኑ መንገድ ላይ ከካሜራው ፊት ስለሚቀመጠው፣ አንዱን ቀለም አሳልፎ ሌላውን ስለሚያስቀረው ማጣሪያ ግን እምብዛም አይወሳም። የዩኒቨርስን መስፋፋት በሱፐርኖቫ ለመለካት ለተነሣ ተመራማሪ ከመስተዋቱ ስፋት ይልቅ የማጣሪያው ምርጫ ሊያሳስበው ይገባል ብለን እናምናለን። ምክንያታችንንም ከዚህ በታች እናቀርባለን።

ለዚህ ልኬት የሚያገለግለው ዓይነት 1ኤ የሚባለው ሱፐርኖቫ ሲሆን፣ የሚከሠተውም ነጭ ድንክ የተባለው ኮከብ ሲፈነዳ ነው። የእነዚህ ፍንዳታዎች ከፍተኛ ድምቀት ተቀራራቢ በመሆኑ፣ ደብዝዞ የታየው ሩቅ ነው ለማለት ያስችላል። እ.ኤ.አ. በ1998 ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች ሩቆቹን ሱፐርኖቫዎች ከተጠበቀው በላይ ደብዝዘው አገኟቸው። የዩኒቨርስ መስፋፋት እየፈጠነ ነው የሚለው መደምደሚያ የመጣው ከዚህ ነው፤ ግኝቱም በ2011 ለሶል ፐርልሙተር፣ ለብራያን ሽሚትና ለአዳም ሪስ የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን አስገኝቷል።

ነገር ግን “ደበዘዘ” ስንል በየትኛው ቀለም? ዩኒቨርስ ሲሰፋ በጉዞ ላይ ያለው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ይለጠጣል፤ የመለጠጡ መጠን ሬድሺፍት ይባላል። ሬድሺፍቱ 0.5 የሆነ ሱፐርኖቫ በ440 ናኖሜትር የለቀቀው ሰማያዊ ብርሃን እኛ ዘንድ የሚደርሰው በ660 ናኖሜትር፣ ቀይ ሆኖ ነው። ሬድሺፍቱ 1 ሲሆን ደግሞ ያው ብርሃን ወደ 880 ናኖሜትር ተለጥጦ ከዓይን እይታ ውጪ ይሆናል። ስለዚህ ቅርቡን በሰማያዊ ማጣሪያ የለካ ሰው ሩቁን በቀይ ማጣሪያ ካልለካ ያንኑ ብርሃን አላነጻጸረም። ማጣሪያው የሚመረጠው ከተፈለገው ሬድሺፍት ተነሥቶ ነው ማለት ነው።

አንድ ማጣሪያ ብቻውንም አይበቃም። በጋላክሲዎች ውስጥ ያለው አቧራ ከቀዩ ይልቅ ሰማያዊውን ብርሃን አብዝቶ ያስቀራል። ጥር 2014 (እ.ኤ.አ.) የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር በ35 ሳንቲሜትር ቴሌስኮፕ ኤም 82 በተባለው ጋላክሲ ውስጥ ያገኙት ሱፐርኖቫ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። 12 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ብቻ ቢርቅም በአቧራ ምክንያት እጅግ ቀልቶና ደብዝዞ ታይቷል። በአንድ ሰማያዊ ማጣሪያ ብቻ የተመለከተው ሰው ከትክክለኛ ቦታው ብዙ አርቆ ባስቀመጠው ነበር። አቧራውን ከርቀቱ ለይቶ የሚያሳየን በሁለትና ከዚያ በላይ ማጣሪያዎች የሚገኘው የቀለም ልዩነት ነው።

እንግዲያው ብዙና ጠባብ ማጣሪያ አይሻልምን? የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ጠባብ ማጣሪያ ጥቂት ብርሃን ብቻ ያሳልፋል፤ ማጣሪያ በተጨመረ ቁጥርም ያው አንድ ሌሊት ይሸነሸናል። በቺሊ በ4 ሜትር ቴሌስኮፕ የተካሄደው የጥቁር ኃይል ቅኝት ሱፐርኖቫዎቹን የለካው በአራት ሰፋፊ ማጣሪያዎች ነበር። ባለ 8.4 ሜትሩ የሩቢን ኦብዘርቫቶሪ እንኳ ስድስት ማጣሪያዎች ቢኖሩትም ካሜራው በአንድ ጊዜ የሚይዘው አምስቱን ብቻ ነው። ሀብታሙም ሳይመርጥ አያልፍም።

ከምርጫው ቀጥሎ ማጣሪያው ምን ያህል ብርሃን በየትኛው የሞገድ ርዝመት እንደሚያሳልፍ በትክክል መለካት አለበት። ቅርቡን በቁና፣ ሩቁን በእንቅብ ሰፍሮ እህሉን ማወዳደር አይቻልም። በ2024 የጋላክሲዎችን ካርታ የሚሠራው የዴሲ ፕሮጀክት ውጤት ከሱፐርኖቫ ልኬቶች ጋር ሲጣመር ጥቁር ኃይል በዘመናት እየተለወጠ ሊሆን ይችላል የሚል ፍንጭ ሰጠ። በዚያው ዓመት ጆርጅ ኤፍስታቲዩ በቅርቦቹና በሩቆቹ ሱፐርኖቫዎች መካከል የ0.04 ማግኒቲዩድ፣ ማለትም የ4 በመቶ ገደማ አለመጣጣም አለ ብለው ተከራከሩ፤ የቅኝቱ ቡድን ደግሞ ልዩነቱ በአብዛኛው በታወቁ ምክንያቶች የሚብራራ ነው ሲል መለሰ። ስለ ዩኒቨርስ የወደፊት ዕጣ የሚደረገው ክርክር በ4 በመቶ ላይ ከቆመ፣ በሚገባ ያልተለካ ማጣሪያ ክርክሩን ሊያዛባ ይችላል።

ከዚህ አኳያ ለተማሪዎቻችን የምናስተላልፈው መልእክት ግልጽ ነው። ሩቆቹን ለማየት ግዙፍ ቴሌስኮፕ ያስፈልጋል፤ ቅርቦቹ ግን የመላው ልኬት መነሻ ሲሆኑ፣ በእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ እንዳሉት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖችም ሊደርሱባቸው ይችላሉ። በሚገባ በታወቀ ማጣሪያ የተለካ አንድ ቅርብ ሱፐርኖቫ፣ ባልታወቀ ማጣሪያ ከተለኩ ብዙ ሩቆች ይልቅ ለሳይንስ ይጠቅማል። ስለዚህ ወደ ሰማይ ከማነጣጠራችን በፊት የማጣሪያችንን የማሳለፍ መጠን በግራፍ ነድፈን በእጃችን እንያዝ።