ዝም አይነቅዝም ያለው ማን ነው?

ሰሞኑን «ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ» የሚለውን የአሜሪካኖች ልብ ወለድ ለሦስተኛ ጊዜ አነበብኩት። ደራሲዋ ሃርፐር ሊ ትባላለች። መጽሐፉ በ1960 እ.ኤ.አ. ታትሞ በዓመቱ የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል፤ ግሪጎሪ ፔክ የተወነበት ፊልምም ወጥቶለታል። «ጫግኒ ቁጭ ብለህ የአላባማ ጥቁርና ነጭ ምን አገባህ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አገባኝ እንጂ! እንዲያውም የጫግኒን ሰው ያህል የሚያገባው ያለ አይመስለኝም።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ላውጋችሁ። ሜይኮም በምትባል ትንሽ ከተማ በ1930ዎቹ ቶም ሮቢንሰን የተባለ ጥቁር አንዲት ነጭ ልጅ ደፈርክ ተብሎ ይከሰሳል። ጠበቃው አቲከስ ፊንች ነው። ታሪኩን የምትነግረን የአቲከስ ልጅ፣ ገና ጥርሷን በመቀየር ላይ ያለችው ስካውት ናት። ማስረጃው ጥርት ያለ ነው። የከሳሿ ፊት የተመታው በቀኝ በኩል ስለሆነ መቺው ግራኝ መሆን አለበት። ቶም ደግሞ ግራ እጁን በልጅነቱ የጥጥ መዳመጫ መኪና በልቶት ሽባ ሆኗል። በችሎቱ መካከል ግራኝ ሆኖ የተገኘው የልጅቱ አባት ራሱ ነው። ታዲያ አሥራ ሁለቱ ፈራጆች ገብተው ተማከሩና «ጥፋተኛ» ብለው ወጡ። ፍርዱ ችሎቱ ሳይቀመጥ ያለቀ ነበራ! የአቲከስ ወንድ ልጅ ይህን ሲሰማ አለቀሰ። ቶምም ይግባኙ ሳይታይ ከእስር ቤት ሊያመልጥ ሲል በጥይት ተመትቶ ሞተ።

ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ይህንን ነው። እኔን ይበልጥ የሚያብከነክነኝ ግን በጨረፍታ የምታልፍ አንዲት ጉዳይ ናት። ከፈራጆቹ ወንበር ላይ የተቀመጡት ባብዛኛው የገጠር ገበሬዎች ናቸው። የከተማው ነጋዴ፣ የተማረው፣ ቤተ ክርስቲያን ከፊት የሚቆመው ሁሉ ምክንያት እየፈጠረ ቀርቷል። ለምን ቢባል፣ እንዲህ ቢፈርድ አንዱ ደንበኛው ይቀየመዋል፣ እንዲያ ቢፈርድ ሌላው። ይህን ሳነብ የማውቃቸው ሰዎች ፊት አንድ በአንድ መጣብኝ። «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ተረት የተረተው ሰው ጫግኒን ሳያያት አልቀረም።

አሁን ወደ እኛው እንምጣ። ጫግኒ እስከ ደርግ ዘመን የመተከል አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። ከዚያ «ክልል» መጣና ከተማዋን ወደ አማራ፣ መተከልን ወደ ቤንሻንጉል ጉሙዝ ለየው። በአንድ ገበያ ለሚገናኝ ሕዝብ አንዱን «ባለቤት»፣ ሌላውን «መጤ» የሚል መታወቂያ አደለው። ጥላቻውን ግን ክልል ፈጠረው ብዬ አልዋሽም። የአገውና የጎጃም ጌቶች ጉሙዙን እንደ አውሬ እያደኑ በባርነት ሲሸጡት ኢሕአዴግ አልተወለደም። ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ስሙን ግን ማን ሻረው? እኛ ልጆች ሆነን አልተኛ ስንል «ሻንቅላ መጣብህ!» እንባል ነበር። እነስካውት ጎረቤታቸውን ቡ ራድሊን እንደ ጭራቅ የሚፈሩት በዚሁ ዓይነት ነው። ሰውየውን ዓይተውት አያውቁም፣ ወሬውን ግን ጠጥተውት አድገዋል። የእኛ ይብሳል፤ ጉሙዟ እናት በትከሻዋ ባስተላለፈችው እንጨት ግራና ቀኝ ሸክሟን አንጠልጥላ በየገበያው ቀን በደጃችን ታልፍ ነበርና አላየንም ማለት አንችልም።

የወሬው ዋጋ በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ተከፈለ። በዳንጉር ወረዳ ግጭት ተነስቶ ሰው ሞተ። ሐዘኑ እውነተኛ ነበር። ወሬው ጃዊ ሲደርስ ግን በዳንጉሩ ነገር እጃቸው የሌለበት ጉሙዞች በየመንደራቸው ተገደሉ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው። ጃዊ ደግሞ ሩቅ አገር አይደለችም፣ የኛው የአዊ ዞን ወረዳ ናት። ለመሆኑ ስንቶቻችን ሻማ አበራን? ስንት ሰባኪ፣ ስንት ሽማግሌ ቆሞ «ይህ የእኛ ነውር ነው» አለ? የሁለቱ ክልል ሹማምንት መግለጫ አወጡ። መግለጫ እንኳ ሞልቶልናል!

ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ ተራው የሌላው ሆነ። በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ የታጠቁ ሰዎች ጎህ ሲቀድ ገብተው ከመቶ በላይ ሰው ጨፈጨፉ፤ አማራ፣ ኦሮሞ፣ ሺናሻ ሳይሉ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ መተከል መጥተው ሕዝብ አነጋግረው በሄዱ ማግስት ነው ይህ የሆነው። ነፍሱን ይዞ የወጣው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ጫግኒ፣ ራንች በሚባለው ስፍራ በሸራ ሥር ሰፈረ። በቤቱ የተኛ ገበሬ፣ ጡት የሚጠባ ሕፃን ምን አጠፋ? ገዳዮቹም እኮ እንደ ሜይኮም ፈራጆች ናቸው፤ የሰውየውን እጅ ሳይሆን የተወለደበትን ወገን ዓይተው ነው የፈረዱበት። ይህን የምለው ሁለቱን ግፍ በሚዛን አስቀምጬ ለማጣፋት አይደለም። ሬሳ በሬሳ አይጣፋም። ግን የራንችን እናት እንባ ዓይቶ ያለቀሰ ሰው ስለ ጃዊዋ ጉሙዝ እናት «እሱ ሌላ ነው» ሲለኝ፣ የትኛውን መጽሐፍ ከፍቼ ላሳየው?

የኛውንማ ከፍቼለት ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የጎጃም መጽሐፍ ነው። የማንኩሳው በዛብህ ገና በሕፃንነቱ በወላጆቹ ስለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ የዋህ ልጅ ነው። የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን መውደዱ በአጥንትና በጉልጥምት ቆጣሪዎች ዘንድ ወንጀል ሆነበት። ያንን ልማድ ፊት ለፊት የተቃወመው ካሣ ዳምጤ ምን ተባለ? «ጉዱ ካሣ»! ዕብድ! እዚህ ላይ ሐዲስ ዓለማየሁ ከሃርፐር ሊ ይልቅ አገራቸውን ያውቃሉ እላለሁ። አቲከስ ቢሰደብም ቢተፋበትም ለምክር ቤት መልሰው ይመርጡታል። ጉዱ ካሣን ማን ይመርጠዋል? በእኛ አገር እውነት የተናገረ ወይ ዕብድ ነው፣ ወይ ባንዳ ነው፣ ወይ «ተልኮ» ነው።

ግን ሁሉም ዝም ብሎ ነበር ብል ሐሰት ይሆንብኛል። በ2013ቱ ክፉ ሰሞን እዚሁ ጫግኒ ገበያ ውስጥ ማር ይዞ የመጣን አንድ ጉሙዝ ወጣቶች ከበቡት። «ይሄም ከነሱ ነው» ይላል አንዱ። እኔ ከሰው ኋላ ነበርኩ፤ ገፍቼ ሳልጠጋ አንዲት ጠላ ሻጭ እናት ቀደሙኝ። ስብከት የለ፣ ልመና የለ። ሰውየውን በስሙ ጠሩና «ልጅህ አራስ ናት ያልከኝ፣ ተሻላት?» አሉት። ቀጥለው ወደ ልጆቹ ዞረው «ማሩን የምገዛው እኔ ነኝ፤ መንገድ ልቀቁ» አሉ። ወጣቶቹ ተያዩ፤ አንዱ ሳቀ፤ በኋላ ተበተኑ።

በሃርፐር ሊ መጽሐፍም ይኸው አለ። ቶምን ከእስር ቤት አውጥተው ሊሰቅሉት ሌሊት የመጡትን ሰዎች የመለሳቸው የአቲከስ የሕግ ዕውቀት አልነበረም። ትንሿ ስካውት ከመካከላቸው የክፍል ጓደኛዋን አባት ሚስተር ከኒንግሃምን ለየችና ስለ ልጁ ደኅንነት ጠየቀችው። ሰውየው ቆየና «እንሂድ» አለ። ኋላ ከፈራጆቹ መካከል «ይህ ሰው ነፃ ነው» ብሎ ለሰዓታት የተከራከረው የነዚሁ የከኒንግሃሞች ዘመድ ሆኖ ተገኘ። ይህችን ነጥብ የሚዘነጋት አንባቢ ብዙ ነው፤ እኔ ግን ከጠበቃው ረጅም ንግግር እሷን እመርጣለሁ።

መጽሐፉን የሚተቹም አሉ፤ አልፈርድባቸውም። ጥቁሩ ቶም በራሱ ጉዳይ እንግዳ ሆኖ፣ ጀግንነቱ ሁሉ ለነጩ ጠበቃ ተሰጥቷል ይላሉ። እውነት አላቸው። ይህ ትችት እኔንም ይነካል፤ ይኸው ስለ ጉሙዝ ስጽፍ ጉሙዙ አንድ ቃል አልተናገረም። ማሩን ይዞ የቆመው ሰው ያን ቀን ምን አሰበ? እናትየውን አመሰገነ ወይስ በሆዱ እኛን ሁላችንን ታዘበን? ይህንን እኔ ልጽፈው አልችልም። አንዲት የጓንጓ ወይም የማንዱራ ጉሙዝ ልጅ ደብተሯን ይዛ፣ ከእሷ ደጅ ሆና ጫግኒን እንደምታያት አድርጋ ብትጽፍልን ግን እኔ ቀድሜ ከገዢዎቹ ሰልፍ እቆማለሁ፤ እኛን በምን ስም እንደሚጠሩን ጭምር ትንገረን።