እታለም ሽርሽር ወጣች

የክፍል ተጠሪ ሆናችሁ የምታውቁ ምናልባት ይህን ስህተት ሠርታችሁት ይሆናል። ጊዜው ጥር 2015 ነው። ቦታው ደብረ ብርሃን። የሁለተኛ ዓመት የነርስ ተማሪዎች ነን። የፈተናው ሰሞን አልፎ «አንድ ቀን እንኳን እንውጣ» ተባለና ወደ ጣርማ በር ሽርሽር ታሰበ። መኪና መከራየት፣ ብር መሰብሰብና ስም መመዝገብ የእኔ ሥራ ሆነ። ስም ዝርዝሩን ስጽፍ አንድ ሰው ዘለልኩ። ረስቼ እንዳይመስላችሁ፤ አውቄ ነው። «ልጆች አሏት፣ ብርም ይቸግራታል፣ ጠይቄ ከማሳቅቃት ብተዋት ይሻላል» ብዬ ነው። በቃ፣ ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ያቺን ሰው በክፍላችን «እታለም» ነው የምንላት። (ስሟን ልጻፈው ብላት እሷም አትፈቅድልኝም።) ያኔ 35 ዓመቷ ነበር፤ የሁለት ልጆች እናት። እኛ አብዛኞቻችን 20 እና 21 ዓመት ላይ ነን። መጀመሪያ ሰሞን «እርስዎ» እያልን ስናስቸግራት፣ «ተዉ እባካችሁ፣ ፈተናው ላይ እርስዎ የሚለኝ የለም» ብላ አስቆመችን።

ዝርዝሩን ግድግዳ ላይ ስለጥፍ መጥታ አነበበችው። ደግማ አነበበችው።

«አንተ ልጅ፣ እንደማልሄድ ማን ነገረህ?»

«አይ እታለም፣ ልጆቹን ማን ይይዝልሻል ብዬ ነው እኮ...»

«የወለድኳቸው እኔ፣ የምትጨነቅላቸው አንተ?» ብላ ሳቀች። መዋጮውን ቆጥራ ሰጠችኝና ስሟን ከዝርዝሩ ግርጌ በራሷ እጅ ጻፈች።

እኔ እንደሚመስለኝ ያቺ ደግነቴ የእኔ ብቻ አይደለችም። አገር ሙሉ ለትልልቅ ተማሪዎች፣ በተለይ ለእናቶች፣ የሚያሳየው ደግነት ነው። እንዲህ ዓይነት ደግነት ሰውን ሳይጠይቅ ዕረፍት ይከለክላል። ዛሬ መሟገት የፈለግሁት ከዚህ ደግነት ጋር ነው።

የአንዲት ተማሪ ቀን

እታለም ከሌሊቱ 11 ሰዓት ትነሳለች። የደብረ ብርሃንን የጥር ሌሊት የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ቁርስ ትሠራለች፣ የልጆቹን ምሳ ትቋጥራለች፣ ታለብሳለች፣ ትሸኛለች። 2 ሰዓት ላይ ክፍል ትገባለች። ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ልምምድ አለ፤ ግፊት መለካት፣ መርፌ መስጠት፣ ቁስል ማጠብ፣ ካርድ ላይ መጻፍ። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ጋቢ ተከናንባ ፋርማኮሎጂ ታጠናለች። ቅዳሜ ልብስ ማጠብና ገበያ ነው።

«እሁድስ?» ይባል ይሆናል። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፣ ማኅበር ትጠጣለች፣ ለቅሶ ትደርሳለች፣ አራስ ትጠይቃለች። ከዚህ የበለጠ ምን መዝናናት አለ?

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ማኅበርም ለቅሶም ጥሩ ነገር ነው፤ አብሮ መኖራችን የቆመውም በእነሱ ነው። ግን ዕረፍት አይደሉም። ለቅሶ ቤት ወጥ የሚሠራው ማን ነው? ማኅበሩ በዞረ ቁጥር ጠላ የሚጠምቀው ማን ነው? እኛ አገር አንዲት እናት ከቤት የምትወጣው ሰው ሲሞት፣ ሰው ሲወለድ፣ ሰው ሲዳር ወይም የታቦት ቀን ሲሆን ነው። ያለ ምክንያት መውጣት፣ እንዲሁ «ዞር ዞር» ማለት፣ ስም ያሰጣል። አባትየው ከጓደኞቹ ጋር አንድ ሁለት ሲል «ትንሽ ይናፈስ» እንላለን፤ እናትየዋ ለሁለት ሰዓት ስትጠፋ «ልጆቹን ለማን ጥላ?» እንላለን።

ነርስ ስንል ማንን ነው የምናስበው?

ነርስ ሲባል በአብዛኞቻችን አእምሮ የሚመጣው ነጭ የለበሰች ወጣት ልጅ ናት። ምክንያትም አለው። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደቱ ዘመን ለንደን ውስጥ ነርስነት መማር ስትጀምር ገና 20 ዓመት አልሞላትም ነበር። በአውሮፓና በአሜሪካም ብዙ የነርስ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ዘመን የሚቀበሉት ያላገቡ ወጣት ሴቶችን ነበር፤ ያገባችው ትወጣ ነበር። የነርስ ትምህርት አኗኗር የተቀረጸው በዚህ ዓይነት ሰው ልክ ነው፤ ማደሪያው ግቢ ውስጥ፣ ሌሊትም ቀንም ስትጠራ የምትገኝ፣ ቤት የሚጠብቃት ሰው የሌላት።

ሕጉ ተሻረ፤ ልማዱ ግን በፕሮግራሙ ውስጥ ቀረ። «ነገ ማታ የሌሊት ተረኛ ናችሁ» የሚል ማስታወቂያ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሲለጠፍ ለእኔ ምንም አይደለም፤ ካፖርቴን ይዤ እሄዳለሁ። ለእታለም ግን ጎረቤት መለመን፣ እህት መጥራት፣ ባል ማስፈቀድ ነው። ማስታወቂያውን የለጠፈው ሰው ክፋት የለበትም። በአእምሮው ያለችው ተማሪ የ20 ዓመት ልጅ ስለሆነች ብቻ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ዓለም የዘመናዊ ነርስነት እናት የሚላት ፍሎረንስ ናይቲንጌል ራሷ ከቤተሰቧ ጋር ስትሟገት ኖራ ጀርመን አገር ገብታ ሥልጠና የወሰደችው እ.ኤ.አ. በ1851፣ በ31 ዓመቷ ነው። ያኔ ክፍል ተጠሪ ብሆን ኖሮ ስሟን እዘልለው ነበር ማለት ነው።

እኛ አገር ደግሞ ትልልቅ የነርስ ተማሪዎች ከሰማይ አልወረዱም። በ1990ዎቹ አጋማሽ መንግሥት የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀምር 10ኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶችን መርጦ፣ አንድ ዓመት አሠልጥኖ፣ በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት አድርጎ መደባቸው። ቁጥራቸው ከ30 ሺህ በላይ ደረሰ። ክትባቱን፣ የቤተሰብ ምጣኔውን፣ መጸዳጃ ቤት ማስቆፈሩን፣ ነፍሰ ጡር መከታተሉን በእግራቸው ቤት ለቤት የሠሩት እነሱ ናቸው። የእናቶችና የሕፃናት ሞት ቀነሰ ሲባል አብረው የሚወሱት በምክንያት ነው። እነዚያ ልጃገረዶች አድገው ዛሬ የልጆች እናት ሆነዋል። ብዙዎቹ ደረጃቸውን ማሻሻል ይፈልጋሉ። እታለም አንዷ ናት።

ጣርማ በር

ወደ ሽርሽሩ ልመለስ። ከደብረ ብርሃን ጣርማ በር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጉዶ በረትን አልፈን፣ እየዘፈንን፣ እየተንቀጠቀጥን ደረስን። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። አገሩ ድንገት ያልቅና ገደል ይሆናል፤ ታች ደብረ ሲና፣ ከዚያ ወዲያ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርደው ቆላ ይታያል። መንገዱ ጣሊያን በወረራው ዘመን በፈለፈለው ዋሻ ውስጥ ያልፋል። ጠዋት ጉም ሸፍኖት ነበር፤ ረፋድ ላይ ገለጥ ሲል እኛ ስልካችንን አወጣን። ፎቶ፣ ፎቶ፣ አሁንም ፎቶ።

እታለም አንድ ፎቶ ተነሳችና ጋቢዋን ሣሩ ላይ አንጥፋ ተቀመጠች። ጭላዳዎቹ ያደሩበትን ገደል ወጥተው ፀሐይ እየሞቁ እርስ በርስ ይቃመላሉ። ጭላዳ ሣር በል ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲነጭ ይውላል። ግን ጠዋት መጀመሪያ ፀሐይ መሞቅና መቃመል ነው፣ ሥራ ከዚያ በኋላ። «እነዚህስ ከእኛ ይሻላሉ» አለች።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። እታች በጣቷ አሳየችኝ። ለዓመታት የሠራችበት ቀበሌ በዚያ ቁልቁለት ላይ ነው። የክትባት ሳጥን ተሸክማ የወጣችበትንና የወረደችበትን መንገድ ነገረችኝ። ምጥ የጠናባቸውን እናቶች በአምቡላንስ ይዛ፣ እጃቸውን ጨብጣ፣ በዚህ ዋሻ ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ስትከንፍ ስንት ሌሊት እንዳለፈች ነገረችኝ።

«በዚህ ስንቴ እንዳለፍኩ አልቆጥረውም» አለች። «ግን አንድ ቀን ቆሜ አላውቅም። ሁልጊዜ አንድ ነገር ይዤ ነው የማልፈው። ዛሬ ባዶ እጄን መጣሁ።»

ምን እንደምል አላወቅሁም። ደብረ ሲና ወርደን ምሳ በላን፣ እንደ ደንቡም ቆሎ ገዛን። እታለም ለልጆቿ ሁለት ሁለት ቋጠሮ ያዘች። ስንመለስ መኪናው ውስጥ ቀስ ብላ፣ «ልነግርህ ያልፈለግሁት ነገር ነበር፤ የማቋረጫ ፎርም ሞልቼ ቦርሳዬ ውስጥ አለ» አለችኝ። ምክንያቷ ትምህርቱ አልነበረም፤ ውጤቷ ከእኔ ይሻላል። ልጅ የታመመ ሌሊት ተራ ሲደርስባት ሦስት ጊዜ ቀርታ ነበርና አራተኛውን ፈራችው። ለማንም አልተናገረችም። ለማን ትናገር? መቼ? ክፍል ስትገባ እየሮጠች፣ ስትወጣ እየሮጠች። በሁለት ዓመት ውስጥ ከእኔ ጋር ከአሥር ደቂቃ በላይ ተቀምጠን ያወራነው በዚያን ቀን ብቻ ነው።

ለዚህ ነው ሽርሽር ቅንጦት አይደለም የምለው። ሰው ችግሩን የሚናገረው ሲቀመጥ ነው። የማያርፍ ሰው አይናገርም፤ አንድ ቀን ዝም ብሎ ይጠፋል። እኛም «ልጆቿ አሸነፏት» እንላለን።

«ግን እኮ...»

ሦስት «ግን እኮ» ይጠብቀኛል።

አንደኛው፣ «ገንዘብ የላትም» ነው። እውነት ነው፤ ግን መዋጮውን የምንወስነው እኛ ነን። ኪሳቸው ነፃ በሆነ ልጆች ልክ እንወስንና፣ የቀረው ሁሉ መሄድ ያልፈለገ ይመስለናል።

ሁለተኛው፣ «ለእናት መዝናኛዋ ልጆቿ ናቸው» ነው። አባባሉ ያምራል። ልጆቿን እንደምትወድ እኔም አይቻለሁ፤ ቆሎ ስትቋጥር ነበርኩ። ግን የምንወደው ሁሉ አያሳርፈንም። በሽተኛዋን የምትወድ ነርስም ተረኛ ስትቀይራት ደስ ይላታል።

ሦስተኛው ከባዱ ነው፤ «በዚህ ጊዜ ሽርሽር?» ጣርማ በር የፖስት ካርድ ሥዕል ብቻ አይደለም። በኅዳር 2014 ጦርነቱ ደብረ ሲና ደርሶ ነበር። እኛ የሄድነው ትንሽ ፋታ በተገኘበት ወቅት ነው፤ በዚያው ዓመት ክረምት ደግሞ በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሳና መንገድ መውጣት ራሱ ጥያቄ ሆነ። ማንንም «ተነሱና ሂዱ» አልልም። ግን በእንዲህ ያለ ጊዜ ሆስፒታል ውስጥ የሚቆመው ማን ነው? ደክሞት የማያውቅ ሰው የለም፤ ዕረፍት የሌለው ነርስ ግን መድኃኒት ሊሳሳት ይችላል። ሽርሽሩ ሩቅ መሆን የለበትም። ግቢው ውስጥ ፀሐይ እየሞቁ ቡና መጠጣትም ሽርሽር ነው፤ ቡናውን እሷ እስካላፈላችው ድረስ።

ምን ይደረግ?

ከዚያ ቀን በኋላ ያደረግነው ትልቅ ነገር አይደለም። አምስት ሆነን ኃላፊዎቹን ጠየቅን፤ የሌሊት ተራ ከሁለት ሳምንት በፊት ይለጠፍ፣ ተራ መለዋወጥም ይፈቀድ አልን። መጀመሪያ «አስቸጋሪ ነው» ተባልን፤ ሁለተኛ ጊዜ ስንሄድ እሺ ተባልን። ወጪው አንድ ወረቀት ነው። የጠቀመውም እታለምን ብቻ አልነበረም፤ እናቱ የታመመችበት ልጅም፣ ማታ ማታ የሚሠራውም ተጠቅሟል።

ትልልቅ ተማሪዎችን ለሚቀበል ትምህርት ቤት ሁሉ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ፕሮግራሙን ቀድሞ ይንገር። ለልጅ ማቆያ የምትሆን አንዲት ክፍል ይፈልግ። የተማሪ መዝናኛ ሲያዘጋጅ ልጅ ይዛ የምትመጣም ተማሪ እንዳለች ይቁጠር።

እታለም በ2017 ተመረቀች። ጣርማ በር አስመረቃት አልልም፤ ያስመረቃት ጉልበቷ ነው፣ ማታ ማታ የተነበበው ደብተር ነው፣ ልጆቹን የያዘችላት እህቷ ናት። ግን ፎርሙ ከቦርሳዋ የወጣው ከዚያ ሽርሽር በኋላ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የቀደደችው ፊቴ ነው።

ስለዚህ ወዳጄ፣ ክፍልህ ውስጥ አንዲት እታለም ካለች ስሟን በዝርዝሩ ላይ ጻፈው። አልችልም ካለች ራሷ ትሰርዘው። እምቢ የማለት መብቱ የእሷ ነው፤ ያንተ ድርሻ መጠየቅ ነው።